አጫሹ ገደሉን ያየዋል፦ ለማጨስ ማቆሚያ ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለሱስ ሕክምና ክፍል አስተባባሪዎችና ሲጋራ ማቆምን ለምታማክሩ ባለሙያዎች፤ በያላችሁበት።

ጉዳዩ፦ «ቁርጠኝነት ይጎድለዋል» የሚለው ቃል ከታካሚ መዝገብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

በማጨስ ማቆሚያ ክፍሎች መዝገብ ላይ እየተደጋገመ የሚጻፍ አንድ ቃል አለ። ታካሚው ሦስተኛውን ቀጠሮ ሲቀር፣ ወይም በቀጠሮው መጥቶ «ትናንት ማታ አጨስኩ» ሲል፣ «ቁርጠኝነት ይጎድለዋል» ተብሎ ይሰፍርና ፋይሉ ይዘጋል። ይህ ቃል የምርመራ ውጤት መስሎ የገባ የጠባይ ፍርድ ነው። የትኛው መድኃኒት በስንት ሚሊግራም ይጀመር፣ ቀጣዩ ስልክ በስንተኛው ቀን ይደወል ለሚለው አንድም መልስ የለውም። የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቱን ከክፍሉ አንስቶ ታካሚው ላይ ለመጫን።

ጠባይና ኒኮቲን አይገናኙም እያልን አይደለም። ይገናኛሉ፤ በተለያዩ አገሮች ብዙ ሺህ ሰዎች ተለክተውበታል። ስብዕናን በአምስት ዘርፍ በሚለኩ መጠይቆች አጫሾች በአማካይ ለጭንቀትና ለብስጭት የቀረቡ ሆነው ይገኛሉ፤ ነገርን በሥርዓት የመያዝና የመጨረስ ነጥባቸው ደግሞ ዝቅ ይላል። ግን ልዩነቱ የአማካይ ነው፣ ያውም ትንሽ። ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን ብታሰልፏቸው አብዛኛው ሰው ተደበላልቆ ይቆማል። ሰዓት የሚያከብር፣ ዕዳ የማያሳድር፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት እንኳ የማይዛነፍበት፣ ግን በቀን ሁለት ፓኬት የሚጨርስ ሰው ሞልቷል። «ሱሰኛ ስብዕና» የሚባል በሽታም በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምድብ ውስጥም ሆነ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም።

«ችኩል ነው» የሚለው አባባልም አንድ ነገር አይደለም። ዋይትሳይድና ላይነም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ችኩልነትን በአራት ከፍለው አሳይተዋል፦ ሲከፋን ወይም ስንናደድ መቸኮል፣ አስቀድሞ አለማሰብ፣ የጀመሩትን አለመጨረስ፣ አዲስና ደም የሚያሞቅ ነገር መሻት። ዘግይቶ አምስተኛው ታከለበት፤ ደስታ ሲያሰክረን መቸኮል። ክፍፍሉ የመምህራን ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አዲስ ነገር መሻት ይበልጥ የሚታየው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወጣቱን ወደ መጀመሪያዋ ሲጋራ የሚገፋው እሱ ነው። ሱሱ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን በብርቱ ሀራራ እና በማገርሸት ጀርባ ደጋግሞ የሚገኘው ሌላው ነው፤ ሲከፋ መቸኮል። እንግዲህ ምክራችሁን ሁሉ «ጀብዱ አትሻ» ላይ ካዋላችሁት፣ የሃያ ዓመት አጫሽን ስለ መጀመሪያው ቀኑ እየመከራችሁት ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው እንግባ። ለአጫሽ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይተረትበታል። አይገጥምም። አጫሹ ገደሉን ያየዋል፤ በብዙ አገር ፓኬቱ ላይ በሥዕል ታትሞለታል፣ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ነገሩ የርቀት ነው። ሳሩ አፉ ሥር ነው፣ ገደሉ የሃያ ዓመት መንገድ።

ርቀት ዋጋን እንዴት እንደሚበላ በቁጥር ይታያል። ሰው ለወደፊት ጥቅም ዛሬ የሚሰጠውን ዋጋ ለማግኘት የግለሰቡን የቅናሽ ቁጥር፣ ማለትም ርቀት በእሱ ዘንድ ዋጋን በምን ፍጥነት እንደሚያራክስ የሚያሳየውን ቁጥር፣ በመቆያው ቀን ታባዛላችሁ፤ አንድ ትደምራላችሁ፤ የጥቅሙን መጠን ለዚህ ድምር ታካፍላላችሁ። ከወር በኋላ የሚሰጥ 1000 እንውሰድ። የቅናሽ ቁጥሩ በቀን 0.01 ለሆነ ሰው 1000 ለ1.3 ይካፈላል፤ ዛሬ ላይ 769 ያህል ነው። ቁጥሩ 0.05 ለሆነ ሰው 1000 ለ2.5 ይካፈልና 400 ይሆናል። መቆያውን ዓመት አድርጉት፤ ለመጀመሪያው 215፣ ለሁለተኛው 52። ሁለቱም ገደሉን ያዩታል፤ ለሁለተኛው ግን ከርቀቱ የተነሳ ጉድጓድ ብቻ መስሎ ይታየዋል።

የዚህ ስሌት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው፤ አማካሪው «ዋሸኝ» የሚልበት ቦታ። ያንኑ 0.05 የሆነውን ሰው ውሰዱና ሁለት ነገር አቅርቡለት፦ 500 ቀድሞ፣ ወይም 1000 ከዚያ ወር ቆይቶ። 500ው አሁን በእጁ የሚገባ ከሆነ 500 ከ400 ይበልጣልና ትንሹን ያነሳል። ሁለቱንም በ60 ቀን አርቃችሁ ጠይቁት። የቅርቡ 500 ለ4 ተካፍሎ 125 ይሆናል፣ የሩቁ 1000 ለ5.5 ተካፍሎ 181 ከምናምን። አሁን ትልቁን ይመርጣል። ሰውየው ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው፤ የተለወጠው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ምክር ክፍል ተቀምጦ «ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ አላጨስም» ሲል ከልቡ ነው። ሰኞ ማታ ሲለኩስም ከልቡ ነው። ጠዋት የተናገረውን ማታ ስላፈረሰ ጠባዩን መክሰስ ስሌቱን አለማወቅ ነው።

የቅናሽ ቁጥሩ አብሮን የተወለደ ነው ወይስ ሲጋራው ያመጣው? ቢከልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት አሁን የሚያጨሱ ሰዎች የነገውን ገንዘብ ከማያጨሱት በብዙ ያራክሱ ነበር፤ ማጨስ ያቆሙት ግን አጭሰው ከማያውቁት ጋር ይቀራረቡ ነበር። ይህ በሁለት መንገድ ይነበባል፦ ወይ ማቆሙ ቁጥሩን መለሰው፣ ወይ ከመነሻው ቁጥራቸው ዝቅ ያለው ናቸው ለማቆም የበቁት። ጥናቱ ብቻውን አይለያቸውም። ለእናንተ ሥራ ግን አንዱ በቂ ነው፤ «አጫሽ ሆኖ የተወለደ» የሚባል ቋሚ መለያ በዚህ መረጃ አይቆምም።

ኒኮቲን ደግሞ ለዚህ የርቀት ድክመት ልክ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ጭሱ ከተማገ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አንጎል ይደርሳል፣ ተቀባዮቹ ላይ ይቀመጣል፣ የሽልማት ስሜት የሚያመጣው ዶፓሚን ይለቀቃል። አንድ ሲጋራ አሥር ጊዜ ያህል ይማጋል፤ በቀን ሃያ የሚያጨስ ሰው በቀን 200 ጊዜ፣ በዓመት 73 ሺህ ጊዜ ይህንን ትምህርት ይወስዳል። እንዲህ ያለ ድግግሞሽና እንዲህ ያለ ፍጥነት ያለው ሽልማት በሌላ ሥራ ላይ አይገኝም። በኪሳችን ያለው ስልክ ምናልባት ይቀርበዋል።

ከዚያ የመውረጃው ጣጣ ይመጣል። ኒኮቲን በደም ውስጥ በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስምንት ሰዓት የተኛ ሰው ሲነቃ የቀረው አንድ አሥራ ስድስተኛው ያህል ነው፤ ጠዋት ላይ የሚታየው ብስጭትና መቅበጥበጥ ከዚህ የመነጨ እንጂ የጠባዩ መልክ አይደለም። «ሲጋራ ያረጋጋኛል» የሚለው ታካሚ እውነቱን ነው፤ የሚያረጋጋው ግን ያለፈው ሲጋራ የተወውን መናወጥ ነው። ስለዚህ የስብዕና መጠይቅ ጠዋት ሳያጨስ ለመጣ ሰው ሰጥታችሁ «ቁጡ ነው» ብትሉ፣ የለካችሁት ሀራራውን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የማናልፈው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት አንጎላቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸውን አጫሾች መርምሮ ነበር። ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል ከተጎዳባቸው ውስጥ ብዙዎቹ ሲጋራን ያለ ትግል፣ ወዲያው፣ ሀራራም ሳይመለስባቸው አቁመዋል። ማንም ቁርጠኝነት አልጨመረላቸውም። የሰውነትን የውስጥ ጥሪ የሚያደምጠው ክፍል ዝም ስላለ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ በቅጹ ላይ ካለው «ለማቆም ያለህ ፍላጎት ከ1 እስከ 10» በፊት ሁለት ጥያቄ አስቀድሙ። ከእንቅልፍ ከነቃህ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያውን ታጨሳለህ? በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 3 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 30 ከሆነ 2፣ ከ31 እስከ 60 ከሆነ 1፣ ከዚያ ከዘገየ 0። በቀን ስንት ታጨሳለህ? እስከ 10 ከሆነ 0፣ ከ11 እስከ 20 ከሆነ 1፣ ከ21 እስከ 30 ከሆነ 2፣ 31 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 3። ከ6 ምን ያህል እንዳገኘ በሁለት ደቂቃ ይታወቃል። 5 ወይም 6 ያገኘን ሰው በምክር ብቻ መሸኘት የእናንተ ጉድለት ነው፤ ያለ ምንም እርዳታ አቆማለሁ ብለው ከሚነሱ መቶ ሰዎች ስድስት ወርና ዓመት የሚዘልቁት ከሦስት እስከ አምስት ብቻ መሆናቸው የታወቀ ነው።

በቀን ከአሥር በላይ ለሚያጨስ ሰው የ24 ሰዓቱ ፓች፣ ኒኮቲን በቆዳ በኩል ቀስ እያለ የሚሰጠው ልጥፍ፣ በ21 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ስድስት ሳምንት፣ ከዚያ 14 ሚሊግራም ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ 7 ሚሊግራም ሁለት ሳምንት። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ፀጉር የሌለው ቆዳ ላይ፣ በየቀኑ ቦታ እየቀየሩ ይለጠፋል። ቅዠት ካበዛበት ማታ ይነሳ፤ ገና ዓይኑን ሲገልጥ የሚለኩስ ሰው ግን ቢያድርለት ይሻለዋል። በፓቹ ላይ ፈጣን የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም የሚመጠጥ የኒኮቲን ከረሜላ፣ ሲታከል የመሳካት ዕድሉ ፓች ብቻውን ከሚሰጠው በሩብ ያህል እንደሚጨምር ተረጋግጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፓቹ ወለሉን ይይዛል፣ ማስቲካው ድንገት የሚነሳውን ማዕበል።

ማስቲካው ላይ የሚሠራው ስሕተት ይህን ያህል የተለመደ ሆኖ ሳለ ስለ እሱ የሚናገር ጠፍቷል። ታካሚው እንደ ተራ ማስቲካ ያኝከዋል። ኒኮቲኑ በምራቅ ይዋጣል፣ ስቅታና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ የደረሰውም ጉበት ላይ አብዛኛው ይሰበራል፤ «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ማስቲካውን ስትሰጡት አብራችሁ አሳዩት። ቀስ ብሎ ያኝክ፤ አፉን ሲያቃጥለው ወይም ሲቆጠቁጠው ያቁም፤ በጉንጩና በድዱ መካከል ያስቀምጠው። ቁጥቆጣው ሲጠፋ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ እንደገና ያኝክና በሌላው ጉንጭ ያስቀምጥ። ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስኪጨርስ ከውኃ በቀር ምንም አይጠጣ፤ ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ አፍን አሲዳማ ያደርጉና ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ አያልፍም። በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው 4 ሚሊግራሙን፣ ሌላው 2 ሚሊግራሙን ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድና ሁለት ሰዓቱ፣ በቀን ከ24 ሳያልፍ። «ሲያምርህ ውሰድ» አትበሉት። ሲጋራ በሰከንድ የሚያደርሰውን ማስቲካ በደቂቃዎች ነው የሚያደርሰው፤ ሀራራው ከተነሳ በኋላ የሚጀመር ማስቲካ እሳት ከያያዘ በኋላ የሚቀዳ ውኃ ነው።

ቫሬኒክሊን የተባለው የማቆሚያ እንክብል በአንጎል ያለውን የኒኮቲን ተቀባይ በከፊል ቀስቅሶ በከፊል ይዘጋል፤ ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል። ሦስት ቀን 0.5 ሚሊግራም አንድ ጊዜ፣ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን 0.5 ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 1 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 12 ሳምንት። ሊያቅለሸልሽ ስለሚችል ምግብ ከበላ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይወሰድ። ጭንቀታም ለሆኑ ታካሚዎች «አእምሮ ይነካል» ተብሎ የሚከለከልበት ቦታ አሁንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ ከስምንት ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ታሪክ የነበራቸው ጥናት፣ ቫሬኒክሊንም ሆነ ሌላው የማቆሚያ እንክብል ቡፕሮፒዮን ከፓች ወይም ከባዶ እንክብል ይልቅ የከፋ የአእምሮ ጉዳት እንዳላመጡ አሳይቷል። ቡፕሮፒዮን ግን የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም። ለግዥ ክፍሎች አንድ ነገር እንጨምር፦ የኒኮቲን መተኪያ (እንደ ፓችና ማስቲካ ያለው) እ.ኤ.አ. ከ2009፣ ሁለቱ መድኃኒቶች ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። «ቅንጦት ነው» የሚለው መልስ አይሠራም።

ጠባይ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ መድኃኒቱ ከተመረጠ በኋላ፣ ዕቅዱ ለማን እንደሚሰፋ ለማወቅ። ሲናደድ የሚቸኩለውን ሰው «ራስህን ተቆጣጠር» አትበሉት፤ በንዴት ሰዓት ማመዛዘን የሚባለው ነገር ቀድሞ የሚጠፋ ነው። ሳይናደድ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር አስጽፉት፦ «ከአለቃዬ ጋር ስጣላ ወዲያው ማስቲካ አፌ ውስጥ አድርጌ ደረጃውን እወርዳለሁ።» ሁኔታው የተሰየመ፣ ድርጊቱ አንድ፣ ቦታው የታወቀ ይሁን። «ስናደድ ራሴን አረጋጋለሁ» የሚል ጽሑፍ አይቆጠርም። የጀመረውን የማይጨርሰውን ሰው በየወሩ የአንድ ሰዓት ምክር አትጥሩት፤ አምስት ደቂቃ ስልክ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ደውሉለት። ሀራራው የሚከፋው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሲሆን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይረግባል፤ ብዙ ክፍሎች ግን የመጀመሪያውን ቀጠሮ በአሥራ አራተኛው ቀን ያስይዛሉ፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እንደሚደርስ ስንቅ። አስቀድሞ የማያስበው ሰው ከመሐላ ይልቅ ርቀት ይጠቅመዋል፤ ከማቆሚያው ቀን በፊት ባለው ማታ ላይተሩ፣ መተርኮሻው፣ በኮት ኪስ የተረሳችው ግማሽ ፓኬት ከቤት ይውጡ። ሲጋራ ለማግኘት አሥር ደቂቃ መሄድ ካለበት ብዙውን ጊዜ ሀራራው ቀድሞ ያልፋል። አዲስ ነገር የሚሻውንና በደስታ የሚቸኩለውን ደግሞ ስለ መጠጥ ጠይቁት። እሱ የሚወድቀው በሐዘን ቀን ሳይሆን በጓደኛው ሠርግ ነው።

ገደሉን ማቅረብም ይቻላል። በትንፋሽ ውስጥ ያለውን የጭስ መርዝ ጋዝ የሚለካው የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ርካሽ ባይሆንም ዋጋውን ይመልሳል፤ ታካሚው ባቆመ በማግሥቱ ትንፋሹን ሲነፋ ቁጥሩ ወደማያጨስ ሰው ልክ ወርዶ በዓይኑ ያያል። የሃያ ዓመቱ ጥቅም ወደ ሃያ አራት ሰዓት መጣለት። ሽልማትም ይሠራል፣ ግን አሰጣጡ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በታተመ ሙከራ፣ ካቆምክ ገንዘብ ታገኛለህ የተባሉት 90 በመቶው ተቀበሉ፤ ከራስህ ገንዘብ አስይዝ፣ ካላቆምክ ይወረሳል የተባሉት ግን 13.7 በመቶ ብቻ። በስድስት ወር ያቆሙት ከመጀመሪያዎቹ 15.7፣ ከሁለተኛዎቹ 10.2፣ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት 6 በመቶ ነበሩ። መያዣውን የተቀበሉት ጥቂቶች እንደ እውነቱ ከሆነ በጣም ጥሩ ውጤት አምጥተዋል፤ ገና ያልገባውን ሰው ግን መያዣ በር ላይ ይመልሰዋል።

ቀስ በቀስ መቀነስ ወይስ በአንድ ቀን ማቆም ለሚለው፦ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት በስድስት ወር በአንዴ ካቆሙት 22፣ ቀስ እያሉ ከቀነሱት 15.5 በመቶ ዘልቀዋል። በአንዴ ማቆምን አስቀድሙ፤ እንቢ ያለውን ግን አታባሩት።

የማገርሸት ጉዳይ የመጨረሻው ልመናችን ነው። «አንድ ሲጋራ ካጨስክ ከፕሮግራሙ ትወጣለህ» የሚል ደንብ ያላቸው ክፍሎች፣ ደንቡን ዛሬውኑ ይሰርዙት። አንዲት ሲጋራ ያጨሰ ሰው «በቃ፣ አለቀልኝ፣ እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ የቀረውን ፓኬት የሚጨርሰው ከኒኮቲኑ ይልቅ ስለ ራሱ በሰጠው ፍርድ ነው፤ ደንባችሁ ያንን ፍርድ በማኅተም ያጸድቅለታል። ፓቹ አይነሳ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮት የነበረውን ሰው፣ ማስቲካ በኪሱ መኖር አለመኖሩን ጠይቃችሁ መዝግቡ። «ቁርጠኝነት ይጎድለዋል» ይጻፍበት የነበረው መስመር ለእነዚህ አራት መልሶች ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር፣
በሱስ ሕክምናና በባሕርይ ጥናት የምንሠራ ባለሙያዎች

ማሳሰቢያ፦ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲሰብር ያደርጉታል፤ ይህን የሚሠራው ጭሱ ነው፣ ኒኮቲኑ አይደለም፣ ስለዚህ ፓች አይተካውም። ማጨስ ያቆመ ሰው የሚጠጣውን ቡና ካልቀነሰ በደሙ ያለው ካፌይን ሁለት እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣቱና መንቀጥቀጡ ለሀራራ ይቆጠርበታል። ቡናውን በግማሽ ይቀንስ። ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የተባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ ወይም ቴኦፊሊን የተባለውን የአስም መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ካለ ደግሞ የማቆሚያው ቀን ከመቆረጡ በፊት መድኃኒቱን ላዘዘለት ሐኪም ይነገር፤ በተመሳሳይ ምክንያት መጠኑ በደሙ ይጨምራል፣ በተለይ ክሎዛፒን እስከ መመረዝ ሊደርስ ይችላል።